መተጫጨት፣ ጠለፋና የግቢ ፍቅር በወለጋ

በወለጋ የሁለት ወጣቶች መፈላለግ ለረጅም ዘመን የሁለቱ ብቻ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ ክብር ያለው ጋብቻ በጥየቃ ይጀመራል፤ ኦሮምኛው «ከዻ» ይለዋል። ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ አባቱ የልጅቱን ቤተሰብ ዘር፣ ጠባይና ሀብት ያስጠናል፤ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ በደም እንደማይገናኙ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ «ጃርሳ ቢያ» የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች ማልደው ከልጅቱ አባት ደጅ ይቆማሉ። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ማለት ልጅን ማርከስ ስለሚመስል የልጅቱ ቤት ሽማግሌዎቹን ያመላልሳል። ነገሩ ሲሰምር ቃል ይታሰራል፣ ከወንዱ ወገን የሚሰጠው ከብትና ገንዘብ ይቆረጣል፣ የሠርጉ ቀን ይወሰናል። በዚህ ሁሉ መሀል ልጅቱ አትጠየቅም፤ ብዙ ጊዜ ወሬውን የምትሰማው ቃሉ ከታሰረ በኋላ ነው።

ወጣቶቹ ግን አይተያዩም አልነበረም። ምንጭ፣ ገበያ፣ የሠርግ ጭፈራና የዓመት በዓል መተያያ ነበሩ፤ ልጁ ዓይኑ ያረፈባትን ልጅ ለእናቱ ወይም ለአጎቱ ሹክ ብሎ ሽማግሌ እንዲላክለት ያደርግ ነበር። ልጅቱ ግን የወደደችውን ሰው ስም ለማንሳት እንኳ መንገድ አልነበራትም ማለት ይቻላል። የቀራት «አሴና» የሚባለው ልማድ ነው። ጠያቂ የዘገየባት ወይም የማትፈልገው ሰው የታጨላት ልጅ ሳትጠራ ተነሥታ ከመረጠችው ሰው ወላጆች ቤት ትገባለች፤ ቤቱም እንዲያ የገባችን ልጅ መመለስ ነውር ስለሆነበት ይቀበላታል። ድፍረት የሚጠይቅ፣ ስምን የሚያስነሳ፣ ብዙም የማይደረግ መንገድ ነው። ያም ሆኖ በጋብቻው ሥርዓት ውስጥ የሴቲቱ ፈቃድ ጎልቶ የሚታይበት በር ይህን ያህል ጠባብ መሆኑ ስለ ሥርዓቱ ብዙ ይናገራል።

የወንዱ ፈቃድ በአንጻሩ ሽማግሌ ባይሰምርለትም ሌላ መንገድ ነበረው። ጠለፋ፣ በኦሮምኛ «ቡቲ»፣ የሚፈጸመው አንድም ጥያቄው ውድቅ በሆነበት፣ አንድም ጥሎሹን መክፈል ባቃተው፣ አንድም ሌላ ጠያቂ እንዳይቀድመው በሰጋ ሰው ነው። ጠላፊው ብቻውን አይወጣም፤ ጓደኞቹን ይዞ በውኃ መንገድ፣ በገበያ መመለሻ ወይም በእንጨት ለቀማ ቦታ ያደፍጣል። ልጅቱ ከተያዘች በኋላ ሩቅ ከሚገኝ ዘመድ ቤት ትወሰዳለች፣ ትደፈራለች። ይህ የመጨረሻው ድርጊት የነገሩ ቁልፍ ነው። ክብረ ንጽሕናዋን ያጣች ልጅ ሌላ ጠያቂ አይመጣላትም ተብሎ ስለሚታመን፣ ወላጆቿ ልጃቸውን ከማስመለስ ይልቅ ካሣ ተቀብለው መታረቅን ይመርጣሉ። ለጥየቃ ይላኩ የነበሩት ሽማግሌዎችም ለዕርቅ ይላካሉ። ደም እንዳይፈስ የሚያደርጉት ጥረት እውነተኛ ነበር፤ የሚታረቁት ግን ሁለቱ ቤተሰቦች ናቸው፣ ልጅቱ በዕርቁ ውስጥ ቃል የላትም። በመንደሩም ዘንድ ጠላፊው ከወንጀለኛነት ይልቅ የወንድነት ስም ያገኝ ነበር።

ይኸው ሥርዓት በሌላ ጎኑ ለተጋቢዎች ብዙ ተጠያቂ አቁሞ ነበር። ባል እጁን ያነሳባት ሚስት አኩርፋ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ባልዬው ሽማግሌ ይዞ ደጅ ካልጠና፣ ጥፋቱን ካላመነና ካሣ ካልቆረጠ አትመለስለትም። ሚዜዎቹም ባልዬውን የመገሠጽ ኃላፊነት ነበረባቸው። በኦሮሞ ሴቶች እጅ ደግሞ ሲንቄ አለ፤ እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። አንዲት ሴት ስትበደል ሌሎቹ ሲንቄያቸውን ይዘው፣ እልል እያሉና እየጮኹ ይወጣሉ፤ በዳዩ ካሣ ካልከፈለና ይቅርታ ካልጠየቀ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ይህ ሥርዓት በአርሲና በጉጂ በይበልጥ ጸንቶ ሲቆይ በምዕራቡ ኦሮሞ ዘንድ ተዳክሟል። እነዚህ መከላከያዎች ፍጹም አልነበሩም፤ በልኩ የተመታች ሚስት እንድትታገሥ የሚመክር ሽማግሌም ሞልቶ ነበር። ነገር ግን የሚያይ ዓይንና የሚጠይቅ አፍ ነበረ። የሴቲቱ ፈቃድ ዋጋ ማጣትና በጥንዶቹ ዙሪያ የተጠያቂ መብዛት በአንድ ቤት አብረው የኖሩ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የኋላ ዘመን የተማሪዎች ፍቅርም የሚነበበው ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ተርፎ የትኛው እንደቀረ በማየት ነው።

በወለጋ፣ በአንገር ወንዝ ሸለቆ ያለችው አንገር ጉቲን ይህ ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቱ በፊት የተነሣባት ቦታ ናት። የአንገር ወንዝ ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳም ወደ ዓባይ ይገባል፤ ሸለቆው ቆላ፣ ወባና ገንዲ ያለበት ስለሆነ ደገኛው ለረጅም ጊዜ ርቆት ኖሯል። በደርግ ዘመን ግን ለሠፈራ ተመረጠ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያዛውር ከሁሉ በላይ የተቀበለችው ወለጋ ናት፤ ከመጡትም ብዙዎቹ የወሎ ሰዎች ነበሩ። አንዳንዱ ፈቅዶ፣ አንዳንዱ ተገድዶ ተጫነ። በጉዞው ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ ተለያዩ። ሠፋሪዎቹ በመንደር ተደልድለው ሲቀመጡ ብቻቸውን የቀሩ ወንዶችና ሴቶች አዲስ ትዳር ጀመሩ፤ ዘር የሚቆጥር አጎት፣ ጥሎሽ የሚቀበል አባት፣ ስታኮርፍ የምትገባበት የወላጅ ቤት አልነበረም። የወሎው ማጨትና ሽማግሌ፣ የክርስቲያኑ ሰማንያና የሙስሊሙ ኒካህ ከኦሮሞው ከዻ ጋር ጎን ለጎን ቆሙ። ዘመድ በጎደለበት ቦታ ጎረቤት፣ ዕድርና የገበሬ ማኅበር ሹም የዘመድን ወንበር ያዙ። ያለ ዘመድ የሚመሠረት ግንኙነት ምን ያህል እንደሚላላ፣ ጎረቤትም ምን ያህል ሊያጸናው እንደሚችል የሠፈራው መንደር ቀድሞ አሳይቷል።

በነቀምቴ በኩል ለውጡ ቀደም ብሎ የመጣው በትምህርት ነው። የሌቃ ነቀምት ገዥ ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ከተማቸውን ለቤተ ክርስቲያንና ለትምህርት ሰዎች ከፍተው ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ካሳተመ በኋላ በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ጀመረ። ከእርሱ ጋር በትርጉም ሥራው የደከመችውና ብዙ የኦሮሞ ዘፈን፣ ተረትና እንቆቅልሽ የሰበሰበችው አስቴር ጋኖም በዚያው በነቀምቴ አስተማሪ ሆነች። ከባርነት ነፃ የወጣች ሴት ፊደል ስታስቆጥር ማየት ለከተማው አዲስ ነገር ነበር። ደምቢ ዶሎ፣ ቦጂ፣ ነጆና አይራ ላይም የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። የሚሲዮን አብያተ ክርስቲያናት የተጋቢዎችን ፈቃድ መጠየቅን፣ ጠለፋን ማውገዝን፣ ጥሎሽን ማሳነስን ከወንጌሉ ጋር አስተማሩ። ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ በክፍል ውስጥ የተያዩ፣ ደብዳቤ የተጻጻፉ ጥንዶችም ቀስ በቀስ ታዩ። ቢሆንም ሽማግሌው አልቀረም፤ ደብዳቤው ከተጻፈ በኋላም ከአባት ደጅ መቆም ግድ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ራሱ ግን ለልጃገረዶች አዲስ አደጋ አመጣ። ከገጠር ወደ ከተማ ትምህርት ቤት የሚወስደው ረጅም መንገድ የጠላፊ ማድፈጫ ሆነ። ብዙ ወላጆች ሴት ልጃቸውን ከአራተኛና ከአምስተኛ ክፍል ያስወጡት ትምህርትን ጠልተው ሳይሆን መንገዱን ፈርተው ነው። ሕጉም አልደገፋቸውም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ከሦስት ዓመት በማይበልጥ እስራት ይቀጣ ነበር፤ ጠላፊው ልጅቱን በሕግ ካገባት ደግሞ ክሱ ይቀራል። በዚህም የዘመናዊው ሕግ የሽማግሌውን ዕርቅ በጽሑፍ አጸደቀው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሾመ።

ከፍተኛ ትምህርት በአገሪቱ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ከወለጋ የተመረጡ ወጣቶችም ወደዚያ ሄዱ። ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ዓይን ሁሉ እነሱ ላይ ያርፍ ነበር፤ አለባበሳቸውና አብሯቸው የሚታየው ሰው የወንዶቹ መነጋገሪያ ነበር። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ወንድ ተማሪዎች ትርዒቱን የምዕራባውያን ባህል ወረራ ብለው ተቃወሙ፣ የመጡትን ሴቶች ሰደቡ፣ ገፈታተሩ፤ ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሠሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። የተማሪው ንቅናቄ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ቀን የሚያነሡት ለፖለቲካው ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ሌላው ገጹ ነው፤ ለገበሬው መሬት የሚታገለው ወጣት እንኳ የክፍል ጓደኛው ምን መልበስ እንዳለባት የመወሰን መብት የእርሱ እንደሆነ አልተጠራጠረም። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያዘምት ወንድና ሴት ወጣቶች ከወላጅ ርቀው በአንድ ጣቢያ ለወራት አብረው ኖሩ። ለብዙዎቹ ከቤተሰብ ዓይን ውጭ የመጀመሪያው ኑሯቸው ነበር።

ጠለፋን በሕግ ፊት ያቆሙት የ1980ዎቹ መጨረሻና የ1990ዎቹ ዓመታት ናቸው። አርሲ ውስጥ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ በ1980ዎቹ መጨረሻ መከሰሷና በነፃ መለቀቋ አገሩን ሁሉ አነጋገረ፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቆመላት። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የሁለቱንም ተጋቢዎች ነፃ ፈቃድና 18 ዓመት መሙላት ግዴታ አደረገ፤ ኦሮሚያም የራሷን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣች። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ለጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ፣ ተከታይ ጋብቻ ከቅጣት እንደማያድን በግልጽ ጻፈ፣ የተጠለፈችው ከተደፈረችም ለመድፈሩ ለብቻው ያስቀጣል። በዚያው ዓመት የተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡት ሴቶች 8 በመቶ ያህሉ በጠለፋ እንደተዳሩ መዝግቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠለፋ በከተሞችና በከተማ ዙሪያ እየቀነሰ ሄደ። የእምቢታን ቃል አለመቀበል ግን ከጠለፋው ጋር አብሮ አልሄደም።

የዩኒቨርሲቲዎች መስፋፋት የመጣው በዚህ መሀል ነው። ለአሥርተ ዓመታት ሁለት ዩኒቨርሲቲ ብቻ የነበራት አገር በ1990ዎቹ በየክልሉ መክፈት ጀመረች፤ ወለጋ ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. በነቀምቴ ሥራ ጀመረ፣ ጊምቢና ሻምቡ ላይ ካምፓስ ከፈተ፤ ከዓመታት በኋላ ደምቢ ዶሎም የራሱን ዩኒቨርሲቲ አገኘ። ተማሪን የሚመድበው መንግሥት ስለሆነ የአንገር ጉቲን ልጅ ወደ ሐረር ወይም ወደ መቀሌ፣ የጎጃም ወይም የሲዳማ ልጅ ወደ ነቀምቴ ትሄዳለች። የ18 እና የ19 ዓመት ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ከዘመድ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቃ ዶርም ትገባለች። የሴቶች ቁጥር ከወንዶቹ በእጅጉ ያነሰ ስለነበር አዲስ ገቢዋ፣ በግቢ ቋንቋ «ፍሬሽ» የምትባለው፣ ከምዝገባው ቀን ጀምራ የሲኒየሮች ዓይን ውስጥ ትገባለች። ማደሪያ የሚያሳያት፣ የካፌ ካርድ ማውጣት የሚረዳት፣ ያለፈውን ዓመት ፈተናና ሃንድአውት የሚያመጣላት ሲኒየር ነው። ዕርዳታው ብዙ ጊዜ ቅን ነው። ውለታ ሆኖ ሲቆጠር ግን እምቢ ለማለት ያስቸግራል፤ የማታውቀው አገር፣ አንዳንዴም የማትናገረው ቋንቋ፣ ውለታውን ያከብደዋል።

በግቢ ውስጥ አንድን ልጅ ለፍቅር መቅረብ «ጠበሳ» ይባላል፤ ዶርም ሙሉ ወንድ ጓደኛውን የሚመክርበት፣ የሚያደፋፍርበት፣ መልእክት የሚያደርስበት የጋራ ሥራ ነው። እምቢ ያለችው ልጅ «ትኮራለች»፣ «ታስለምናለች» ይባላል እንጂ መልሷ እንደ መልስ አይቆጠርም። ከላይብረሪ እስከ ካፌ መከተል፣ ከዶርሟ ደጅ መቆም፣ ጓደኞቿን ማስለመን የፍቅር ጽናት ተደርጎ ይወራል። የሽማግሌው መመላለስ እዚህ ውስጥ ይታያል፤ የልጅቱ ቤት ለወግ የሚለው እምቢታና የልጅቱ የራሷ እምቢታ በወጣቶቹ አእምሮ ውስጥ አልተለዩም። የጓደኛ ቡድኑም እንዲሁ የቀድሞውን አድፋጭ ጓድ ቦታ ይይዛል። እርግጥ ነው፣ ጥላቻም ሆነ ጉልበት የሌለበት፣ ተማምነው አብረው አጥንተው፣ ተመርቀው የተጋቡ ብዙ ጥንዶች ከእነዚሁ ግቢዎች ወጥተዋል። ጉዳቱን የሚያበዛው ፍቅሩ አይደለም፤ ወንዱ የያዛትን ልጅ እንደ ንብረቱ መቁጠሩ ነው።

ጎጂው ግንኙነት አጀማመሩ ለስላሳ ነው፤ ጣፋጭ ቃል፣ የሞባይል ካርድ፣ ከግቢ ውጭ ምሳ። ቀጥሎ ቅናት የፍቅር ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ስልኳን ይፈትሻል፣ የፌስቡክና የቴሌግራም የይለፍ ቃሏን ይጠይቃል፣ ከወንድ የክፍል ጓደኞቿ ጋር የቡድን ሥራ እንዳትሠራ ይከለክላል። ቀሚሷ አጠረ፣ ሱሪዋ ጠበቀ ይላል። የዶርም ጓደኞቿን «ያበላሹሻል» እያለ ያርቃታል፤ እነሱ ሲርቁ ከእርሱ በቀር የምታዋየው አይኖራትም። ከዚያ ስድቡ፣ በጓደኞቹ ፊት ማዋረዱ፣ ጥፊው ይመጣል፤ በማግስቱ ደግሞ ልቅሶና ይቅርታ። ልለይህ ስትለው ራሴን አጠፋለሁ ይላል፣ ወይም አብረው የተነሡትን ፎቶ እንደሚለቀው ያስፈራራታል። ሴት ወንድን የምትቆጣጠርበት፣ የምታዋርድበት ጊዜም አለ፤ ነገር ግን የአካል ጉዳቱና ሞቱ የሚያደላው ወደ ሴቶቹ ነው። ውጤቱ መጀመሪያ የሚታየው በትምህርት ነው። ከክፍል ትቀራለች፣ ነጥቧ ይወርዳል፣ ዋርኒንግ ይመጣል፣ አንዳንዷ ዊዝድሮው ሞልታ ትወጣለች። በቤተሰብ ዘንድ «ትምህርቱ ከበዳት» ተብሎ ይታለፋል።

በአዋሳ የኮሌጅ ሴት ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ጾታን መሠረት ያደረገ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ጥቃቱ ከሰማይ አልወረደም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ባለ ትዳር ሴቶች 71 በመቶዎቹ በአጋራቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ባል ሚስቱን የሚመታበት አግባብ ያለው ምክንያት እንዳለ ከሚያምኑት መካከል ሴቶች ከወንዶች እንደሚበዙ አሳየ፤ 63 በመቶ ሴቶች፣ 28 በመቶ ወንዶች። ይህን የምታምን እናት ያሳደገቻት ልጅ በግቢው ላውንጅ ጀርባ በጥፊ ስትመታ መጀመሪያ የምትጠይቀው ራሷን ነው፤ ምን አጥፍቼ ይሆን ትላለች።

የቀድሞው ሥርዓት ከነበረው ተጠያቂ ወገን ግን ግቢው ውስጥ የቀረ ጥቂት ነው። የተማሪዎች ፍቅር ከወላጅ ተደብቆ የሚኖር ስለሆነ አኩርፋ የምትሄድበት ቤት የለም። ለአባቷ «ፍቅረኛዬ መታኝ» ማለት ፍቅረኛ እንዳላት መናገር ነው፤ ይህም ከትምህርት ሊያስወጣት ይችላል። ሽማግሌ የሚልክ፣ ካሣ የሚቆርጥ፣ ሚዜ ሆኖ የሚገሥጽ የለም። ቦታውን በከፊል የያዙት የሃይማኖት ማኅበራት ናቸው። ኦርቶዶክሳውያኑ በግቢ ጉባኤ፣ ወንጌላውያኑ በፌሎሽፕ፣ ሙስሊሞቹ በጀመዓ ይሰባሰባሉ፤ ታላላቆቹ ታናናሾቻቸውን ይመክራሉ፣ እጮኝነትን በሥርዓት ያስይዛሉ። ብዙ ልጃገረድ ከክፉ ሰው ያዳነ ምክር ከእነዚህ ወጥቷል። ድክመታቸው ግን ወደ ማኅበሩ የማትመጣውን አለማግኘታቸው፣ ወደ እነሱ የመጣችውንም አንዳንዴ ስለ ጥቃቱ ከመስማት በፊት ስለ ኃጢአቷ መጠየቃቸው ነው።

በተቋሙ በኩል የዶርም ፕሮክተሮች፣ የግቢ ጥበቃ፣ የተማሪዎች ዲን፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴና የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤት አሉ። የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤቶቹ በአብዛኛው የተቋቋሙት ሴቶች በውጤት ማነስ እንዳይባረሩ ለመደገፍ ነው፤ ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ፣ ለችግረኞች የንጽሕና ቁሳቁስ ያድላሉ። የፍቅረኛን ዱላ የሚያይ የሠለጠነ አማካሪ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። የዲሲፕሊን ደንቡም ድብድብን ይቀጣል እንጂ ለወራት የቆየን ማስፈራራትና ክትትል እንደ አንድ ጥፋት አያይም። ጥበቃው ሁለት ተማሪዎች ሲጨቃጨቁ ሲያገኝ «የፍቅር ጸብ ነው፣ ይታረቃሉ» ብሎ የሚያልፍበት ልማድ ከአሮጌው ዕርቅ የወረሰው ነው፤ ሽማግሌው ግን ቢያንስ ካሣ ያስከፍል ነበር።

ስልኩ ሁለት መልክ አለው። በነቀምቴ ዶርም ያለችው ልጅ በአንገር ጉቲን ካሉት እናቷ ጋር በየቀኑ እንድታወራ ያስቻላት ስልክ፣ ለፍቅረኛዋ ደግሞ የት እንዳለች በየሰዓቱ የሚጠይቅበት መሣሪያ ሆነ። በጸጥታ መደፍረስ ዓመታት ይህ የበለጠ ከበደ። ከታኅሣሥ 2012 እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ በብዙ ቦታዎች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያው መጋቢት ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘግተው ተማሪው ወደየቤቱ ተላከ። በተከታዮቹ ዓመታት ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ በኪረሙ፣ በጊዳ አያናና በአካባቢያቸው በደረሰው ግጭት ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ ከነቀምቴ ወደ አንገር ጉቲን የሚወስደው መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም በዛ። ቤቷ ቢርቅም ባይርቅም መድረስ ያልቻለች፣ ከቤት የሚላክላት ገንዘብ የተቋረጠባት፣ ወላጆቿ በመጠለያ ያሉ ተማሪ በግቢ ውስጥ የያዘችውን ሰው ክፉ ቢሆንም መልቀቅ ይከብዳታል። ዕረፍት ሲሆን የምታድርበት፣ ሲቸግራት የሚያበድራት እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። በ1977 ሠፋሪዎቹን የገጠማቸው የዘመድ እጦት ለልጅ ልጆቻቸው በሌላ መንገድ ተመለሰ፤ ለሠፋሪዎቹ የደረሰው ጎረቤትና ዕድር ግን በዶርም ውስጥ የለም።

ሕጉ እነዚህን ግንኙነቶች በከፊል ብቻ ያያል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ይመለከታል፤ በየዶርማቸው የሚያድሩ ፍቅረኞች ከዚህ ውጭ ናቸው። ስለዚህ የተመታችው ተማሪ ፖሊስ ጣቢያ ስትቀርብ ጉዳዩ እንደማንኛውም የአካል ጉዳት ክስ ይታያል፤ ተደጋጋሚነቱና በመካከላቸው ያለው ቁራኝነት አይመዘንም። ለማስፈራራት አንቀጽ 580፣ አዋርድሻለሁ እያሉ ለሚያስገድዱ አንቀጽ 581 አሉ። ለዘመኑ ተማሪ ይበልጥ የሚቀርበው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። አንቀጽ 13 በጽሑፍ፣ በምስል ወይም በድምፅ ማስፈራራትን፣ ደጋግሞ መልእክት በመላክ ማስጨነቅን፣ የሌላውን ሰው የኮምፒውተር ግንኙነት መከታተልን ወንጀል ያደርጋል፤ ለመጨረሻዎቹ ሁለቱ እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ሊወሰን ይችላል። ፎቶ እለቃለሁ የሚለውና ስልክ የሚሰልለው ፍቅረኛ በዚህ ሥር ይወድቃል፤ ይህን የሚያውቁ ተማሪዎች ግን ጥቂቶች ናቸው፣ ማስረጃ ይሆን የነበረውንም መልእክት ከፍርሃት የተነሣ የሚያጠፉት ይበዛሉ።

በስታትስቲክስም እንዲሁ ነው። የ2008ቱ አገር አቀፍ ጥናት ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች 34 በመቶዎቹ በባል የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው ሲመዘግብ፣ ስለ አጋር ጥቃት የጠየቀው እነሱን ብቻ ነው። ያላገባች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በፍቅረኛዋ የሚደርስባት በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ስለ ግቢዎቹ የሚታወቀው የየዩኒቨርሲቲው መምህራንና የሕዝብ ጤና ተመራቂዎች በየጊዜው ከሚሠሯቸው ትንንሽ ጥናቶች ነው፤ አብዛኞቹም ጠያቂው ያገኛቸውን፣ በግቢ የቀሩትን ልጆች ይጠይቃሉ፤ አቋርጠው ወደ አንገር ጉቲን፣ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ሻምቡ የተመለሱትን አይደርሱባቸውም።